የተማሪ ሮክ ክሊፕ እንዴት ይታቀዳል? ከዘፈኑ እስከ ኤዲቲንጉ

ካሜራ ከመበደራችሁ በፊት፣ ቦታ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ አንዱ ተነስቶ "ጭስ ብንለቅበትስ?" ከማለቱ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ዘፈኑ አልቋል ወይ? ሚክሱ (የተቀዱት ድምፆች ተመጣጥነው የሚዋሃዱበት ሥራ) ገና ነው፣ ድምፃዊው አንድ መስመር ደግሞ ሊቀዳ ነው፣ ሶሎው ትንሽ ሊያጥር ይችላል ከተባለ አላለቀም። ባላለቀ ዘፈን ላይ ክሊፕ ማቀድ ደግሞ ውሃ መውቀጥ ነው።

የተማሪ ክሊፕ ላይ ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም፣ ሰው የለም። በእጃችሁ ያለው እርግጠኛ ነገር ዘፈኑ ብቻ ነው። ርዝመቱ ይታወቃል፣ የት እንደሚጮህ የት እንደሚረጋ ይታወቃል፣ ምቱ አይለወጥም። ስለዚህ ፕላኑን ከዘፈኑ ሰከንዶች አውጡት። ብዙ ተማሪ የሚጀምረው ግን ከሐሳቡ ነው፤ "አንድ ልጅ በባዶ መንገድ ሲሮጥ" ይልና፣ ኤዲቲንግ ላይ ሲቀመጥ ዘፈኑ ገና አርባ ሰከንድ እየቀረው የሚያሳየው ነገር አልቆበታል።

እሺ፣ እንግባበት።

ዘፈኑን ቆልፉት

የመጨረሻውን ሚክስ በዋቭ ፋይል ተቀበሉ፣ ቢቻል 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት። በቻት የተላከ የተጨመቀ ፋይል አትጠቀሙ። ለፋይሉ አንድ ስም ስጡት፣ ባንዱም ካሜራ ማኑም ኤዲተሩም ያንኑ ፋይል ይያዝ። ከዚህ በኋላ ሚክሱ ላይ የጊታሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለም። ርዝመቱ፣ ቴምፖው (ፍጥነቱ) እና መነሻው ግን አይነካም። እነዚህ ከተነኩ የቀረጻችሁት ሁሉ ከዘፈኑ ይለያያል።

ከዚያ ከዚሁ ፋይል ለቀረጻ ቀን የሚሆኑ የፕሌይባክ ፋይሎች (በስፒከር ተከፍተው ባንዱ አብሯቸው የሚጫወታቸው) አዘጋጁ። ከዘፈኑ በፊት "ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ" የሚል አራት ምት ጨምሩበት፤ ባንዱ እኩል የሚገባው በእሱ ነው። ከሙሉ ዘፈኑ ሌላ ከአዝማቹ የሚጀምር፣ ከሶሎው የሚጀምር፣ ከመጨረሻው አዝማች የሚጀምር ፋይልም ቆርጣችሁ ያዙ፣ እያንዳንዱ ከራሱ አራት ምት ጋር። ይህን ማንም አያደርገውም፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ግን ሶሎውን ብቻ ደግማችሁ መቅረጽ ስትፈልጉ ባንዱ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እየጠበቀ አይቃጠልም።

ስለ መብት በአጭሩ። ዘፈኑ የባንዱ ከሆነ ግጥሙንና ዜማውን የሠሩት ሁሉ በጽሑፍ ይስማሙ፣ ጓደኛ ቢሆኑም። የሌላ ሰው ዘፈን ከሆነ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ፤ አንዱ የድርሰቱ፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ ነው። ራሳችሁ ተጫውታችሁ ብትቀዱት ሁለተኛውን ታልፉታላችሁ፣ የመጀመሪያው ግን አሁንም የደራሲው ነው። ለክፍል ሥራ ብቻ ማስረከብና ዩቲዩብ ላይ መጫን አንድ አይደሉም። ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል አሠራር አለው፤ የተመዘገበ ዘፈን ሲያገኝ እንደ ባለመብቱ ምርጫ ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞር ይችላል።

ዘፈኑን ወረቀት ላይ አውርዱት

አሁን ቁጭ ብላችሁ ዘፈኑን በክፍል በክፍሉ ጻፉት። ቴምፖውን ካወቃችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ በሰከንድ ሁለት ምት ነው፤ አራት ምት ያለው አንድ ባር ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የምትቀርጹ ከሆነ አንድ ባር 50 ፍሬም ነው። ቁጥሩ እንዲህ ሲወጣ ኤዲቲንግ ላይ የት መቁረጥ እንዳለባችሁ ከወዲሁ ይታወቃል።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ሦስት ደቂቃ የሆነ ዘፈን፦

0:00–0:16 መግቢያ፣ ጊታር ብቻ ጀምሮ በመጨረሻዎቹ ባሮች ድራም ይገባል
0:16–0:48 የመጀመሪያ ግጥም
0:48–1:04 አዝማች
1:04–1:36 ሁለተኛ ግጥም
1:36–1:52 አዝማች
1:52–2:08 የጊታር ሶሎ
2:08–2:16 ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ቤዝና ድምፅ ብቻ
2:16–2:48 የመጨረሻ አዝማች፣ ሁለት ጊዜ
2:48–3:00 መዝጊያ

ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ሦስት ነገር ጻፉ። ማን ይታያል? ምን ያህል ኃይል አለው (ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ስጡት)? ከፊተኛው ክፍል በምን ይለያል? ሦስተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። የመጀመሪያው አዝማችና የመጨረሻው አዝማች ዜማቸው አንድ ነው፤ ምስሉም አንድ ከሆነ ተመልካቹ ሁለት ደቂቃ ላይ ስልኩን ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ለመጨረሻው አዝማች ብቻ አስቀሩ። ጭሱ እዚያ ብቻ ይለቀቅ፣ ወይ ከኋላ ያለው መብራት እዚያ ብቻ ይብራ፣ ወይ ካሜራው እስከዚያ ድረስ ትሪፖድ ላይ ቆይቶ እዚያ ሲደርስ በእጅ ይያዝ።

ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ 2:08ን እዩት። ስምንት ሰከንድ ነው፣ ከቤዝና ከድምፅ በቀር ሁሉም ዝም ያለበት። ጀማሪ ይህን ቦታ በብዙ ቁርጥራጭ ሾት ይሞላዋል። እኔ ብሆን አንድ ክሎዝ አፕ (ከቅርብ የተቀረጸ ምስል) አድርጌ ሳልቆርጥ ስምንቱን ሰከንድ እተወዋለሁ፤ ከዚያ አዝማቹ ሲፈነዳ እያንዳንዱ ቁርጥ ይሰማል። የሮክ ዘፈን ጉልበቱ ከዝምታው ጋር ሲነጻጸር ነው የሚታወቀው።

ሐሳቡ

ክሊፕ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነገር ያሳያል፤ ባንዱ ሲጫወት፣ ታሪክ፣ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ ስሜት ብቻ የሚሰጥ ምስል። ለተማሪ ሮክ ክሊፕ ምክሬ ግልጽ ነው። አከርካሪው ባንዱ ሲጫወት ይሁን፣ ታሪኩ ጎን ይሁን። ለምን? ሙዚቀኞቹ መጫወት ይችላሉ፣ ለዓመታት ተለማምደውታል። ትወና ግን አልተማሩም። ታሪኩ ቢበላሽ እንኳ የባንዱ ቀረጻ ብቻውን ክሊፑን ያወጣዋል። ተቃራኒው አይሠራም።

ታሪክ ካስገባችሁ ከሦስት ወይም ከአራት ትዕይንት አይበልጥ፣ ንግግር አይኑረው፣ ድምፁ ተዘግቶ ሲታይ ይግባ። ግጥሙ "በሩን ዘጋሁ" ሲል በር ሲዘጋ ማሳየት አንዱ መንገድ ነው፣ ግን ሁሌ እንዲህ ከሆነ ያሰለቻል። ሌላው መንገድ ግጥሙ ያላለውን መጨመር ነው፤ በሩን ማን ነበር የከፈተው? ሦስተኛው ጭራሽ የማይገናኝ ምስል አስቀምጦ ግጭቱን መጠቀም ነው፤ በንዴት የሚጮህ ዘፈን ላይ በእርጋታ ልብስ የምታጥፍ ሴት። ይሄኛው ርካሽም ነው፣ ጥሩም ነው።

ሐሳባችሁን በአንድ ገጽ ጻፉት። ይህ ገጽ ትሪትመንት ይባላል፤ ምን እናያለን፣ የት፣ በምን ቀለምና መብራት፣ መጨረሻው ምንድን ነው። ለባንዱ አንብቡላቸው። ድራመሩ "እና እኔ የት ነኝ?" ብሎ ከጠየቀ ገጹ ገና ነው።

ከዚያ ስቶሪቦርድ፣ ማለትም ሾቶቹን በተራ የሚያሳዩ ሥዕሎች። መሳል አልችልም የሚል ምክንያት አይሠራም፤ ሰው እንደ ዱላ ቢሳልም ይበቃል። ከዚህ የተሻለ ግን አንድ ዘዴ አለ። ልምምድ ቦታ ሂዱና ሙሉውን ዘፈን በስልክ ከሁለትና ሦስት አቅጣጫ ቅረጹ፣ ለታሪኩም ጓደኛችሁን አቁማችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ይህን ጥሬ ነገር ከዘፈኑ ጋር ደርድሩት። የት ሾት እንደሚያንስ፣ የት እንደሚሰለች ወዲያው ያፈጥባችኋል።

ቦታውን በራሱ ሰዓት እዩት

ቦታ ለማየት ስትሄዱ የምትቀርጹበት ሰዓት ላይ ሂዱ። ጠዋት የታየ አዳራሽ ከሰዓት ሌላ አዳራሽ ነው፤ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ፣ ስንት ሰዓት ላይ ድራሙ ላይ እንደምታርፍ ማወቅ አለባችሁ። ስልካችሁን አውጡና ባንዱ የሚቆምበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፣ ከአራቱም ማዕዘን።

ከሁሉ በላይ ጥልቀት ፈልጉ። ባንዱን ግድግዳ ላይ ካስደገፋችሁ መታወቂያ ፎቶ ነው የሚመስለው። ከድራመሩ ኋላ ቢያንስ ጥቂት ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፣ እዚያ ኋላ ላይ መብራት ይቀመጣል። ከኋላ የሚመጣ መብራት የሰውን ትከሻና ፀጉር ይለየዋል፣ ጭስ ካለም ጭሱን ያበራዋል። ከፊት የሚመጣ መብራት ጭሱን ነጭ መጋረጃ ነው የሚያደርገው። ብዙ መብራት ከሌላችሁ ያላችሁን አንዱን ጠንካራ መብራት ኋላ አድርጉት፣ ብርሃኑን በነጭ ሰሌዳ ወደ ፊታቸው መልሱት።

የመብራት ሶኬቶችን ቁጠሩ። የምትሰኩትን ሁሉ ዋት ደምሩ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ እንዳይወድቅ ከቦታው ኤሌክትሪሺያን ጋር ተነጋገሩ። ጭስ የምትለቁ ከሆነ የእሳት ማስጠንቀቂያው በጭስ ይጮህ እንደሆነ ጠይቁ። በራሳችሁ እንዳትዘጉት፣ የሚዘጋም ካለ የቦታው ኃላፊ ነው።

ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ፣ ድምፅ እንደሚኖር፣ ቁልፉን የሚይዘው ሰው ስልክ። "ችግር የለም ኑ" ያለው ሰው በዕለቱ ስልኩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ፊታቸው የሚታይ ሰዎች ሁሉም የፈቃድ ወረቀት ይፈርሙ፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ከሆኑ ወላጅ ይፈርም።

ባንዱ የምር ይጫወት

አብዛኛው የተማሪ ሮክ ክሊፕ የሚሞተው እዚህ ነው። ካሜራው ጥሩ ነው፣ መብራቱ ጥሩ ነው፣ ባንዱ ግን እየተጫወተ ያለ አይመስልም። ድምፁ ከፕሌይባክ ስለሚመጣ ሁሉም እጁን ያለሰልሳል። ካሜራ ደግሞ ይህን አይምርም።

ድምፃዊው የምር ይዝፈን፣ በሙሉ ድምፁ። ከንፈር ብቻ ሲንቀሳቀስ አንገት ላይ ምንም ነገር አይታይም፤ የምር ሲጮህ ግን የአንገቱ ሥር ይወጣል፣ ትንፋሽ ሲስብ ትከሻው ይነሳል፣ ከመስመር በፊት አፉ ይከፈታል። ኤዲተር የሚፈልገው ያቺን ትንፋሽ ነው።

ጊታሪስቱ ትክክለኛውን ኮርድ ይያዝ። ሙዚቃ የሚያውቅ ተመልካች እጁን ነው የሚያየው። ኬብሉ ተሰክቶ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሂድ፣ የአምፕሊፋየሩ ትንሿ መብራትም ትብራ፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ቢሆንም። ኬብል የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር አስተያየት መስጫው ላይ መቀለጃ ያደርጋችኋል።

ድራሙ ነው የሚከብደው። የምር ከመታው ፕሌይባኩን ይሸፍነዋል፣ ቀስ ብሎ ከመታው ደግሞ ያስታውቃል። መፍትሔው ድራሙን ማፈን ነው። ከበሮዎቹ ውስጥ ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ ይግባ፣ ሲምባሎቹ ከካሜራ በማይታየው በታችኛው ጎናቸው ጥቅጥቅ ያለ ቴፕ ይለጠፍባቸው። ከዚያ ድራመሩ ክንዱን እስከ ራሱ በላይ አንስቶ ይምታ። በአንድ ጆሮው ፕሌይባኩን የሚያሰማው ትንሽ ማዳመጫ ይሰካ፣ ሽቦው ከካሜራው በተቃራኒ ጎን በልብሱ ውስጥ ይለፍ። ሲምባል ከተመታ በኋላ መወዛወዙ አለበት፤ ቴፑ አብዝቶት ደርቆ ከቆመ ቀንሱለት።

ከቀረጻው በፊት ቢያንስ አንድ ልምምድ በፕሌይባክ ብቻ አድርጉ። የመድረክ ባንድ በራሱ ቴምፖ መሄድ ስለለመደ አዝማቹ ላይ ይሮጣል። የተቀዳው ዘፈን አይሮጥም።

ካሜራ ላይ የሚወሰኑ ነገሮች

አንድ የፍሬም ፍጥነት ምረጡና ሁሉም ካሜራ ላይ አንድ አድርጉት። 24 ወይም 25 ይበቃል። የሻተሩን ፍጥነት (አንድ ፍሬም ለስንት ሰከንድ ብርሃን እንደሚያገኝ የሚወስነውን) የፍሬሙን እጥፍ አድርጉት፤ ለ25 ፍሬም 1/50 ማለት ነው። የመብራት መስመራችሁ 50 ኸርዝ ከሆነ 1/50 ብልጭታ አያመጣም፣ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር ግን 1/60 አድርጉት። ርካሽ ኤልኢዲ መብራት ዓይን የማያየው ካሜራ የሚያየው ብልጭታ ሊኖረው ስለሚችል ቦታውን ለማየት ስትሄዱ በዋናው ካሜራ ሞክሩት። ፎከስ፣ የነጭ ቀለም ሚዛንና የብርሃን መጠን በእጅ ይስተካከሉ። አውቶ ላይ ከተዋችሁት መብራቱ ሲለዋወጥ ካሜራው በየሰከንዱ ሐሳቡን ይቀይራል።

ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር እየሄደ ዓለሙ በዝግታ የሚንሳፈፍበትን ሾት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚሠራው እንዲህ ነው። ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት የሚጫወት ፋይል አዘጋጁ። ካሜራውን 50 ፍሬም ላይ አድርጉ። ድምፃዊው በዚያ ፍጥነት ይዝፈን። ኤዲቲንግ ላይ ምስሉን ወደ 25 ፍሬም ስትዘረጉት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከንፈሩ ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል፣ ፀጉሩና ላቡ ግን አየር ላይ ይቆያል። በደቂቃ 120 ምት የነበረው ዘፈን በቀረጻ ላይ 240 ይሆናልና ቃል የበዛበት መስመር ላይ አትሞክሩት። ቃሉ እየተሳበ ረዝሞ የሚዘፈንበት አዝማች ላይ ያምራል። ድምፃዊው ግን ቤቱ ተለማምዶት ይምጣ።

አንድ የማይታሰብ ነገር ደግሞ የድምፅ ፍጥነት ነው። ኤዲተሩ የካሜራውን ድምፅ ከዘፈኑ ጋር አስማምቶ ነው ሾቶቹን የሚደረድረው፤ ስለዚህ ሁሉም ካሜራ ድምፅ ይቅዳ፣ ጥራቱ መጥፎ ቢሆንም። ድምፅ ግን አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ካሜራው ከስፒከሩ 30 ሜትር ርቆ ከቆመ ድምፁ ወደ 90 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ ይህም በ25 ፍሬም ሲሰላ ከሁለት ፍሬም በላይ ነው። ፕሮግራሙ "ገጥሟል" ይላችኋል፣ ከንፈሩ ግን ከድምፁ ይቀድማል። ስፒከሩን ባንዱ አጠገብ አድርጉ፣ ከሩቅ የተቀረጸውን ሾት ኤዲቲንግ ላይ ሁለት ፍሬም ወደ ኋላ አዘግዩት። ስፒከሩም በሽቦ ይገናኝ፤ ብሉቱዝ መሀል ላይ ሲቆራረጥ ጥሩውን ቴክ (አንድ ዙር ቀረጻ) ይዞባችሁ ይሄዳል።

የሾት ዝርዝርና የቀኑ ሒሳብ

ለባንዱ ክፍል ዋናው ዘዴ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሞ መጫወትና እያንዳንዱን ጊዜ ከሌላ ቦታ መቅረጽ ነው። ስንት ጊዜ? ለሦስት ደቂቃው ዘፈን እንዲህ እናስላ፦ ሙሉ ባንዱ በዋይድ (ሁሉም በሚታይበት ሰፊ ምስል) 3 ጊዜ፣ ድምፃዊው 4 ጊዜ (ሁለቱ ከወገብ በላይ፣ ሁለቱ ክሎዝ አፕ)፣ ጊታር 2፣ ቤዝ 2፣ ድራም 2፣ በእጅ ተይዞ በነፃነት የሚዞር ካሜራ 2። ጠቅላላ 15።

ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ቢሆንም አንዱ ቴክ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁሉም ቦታው ይመለሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ዳይሬክተሩ አንድ ነገር ይላል፣ ፕሌይባኩ ይስተካከላል። አሥር ደቂቃ ያዙለት። 15 ቴክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። በመሀል ካሜራና መብራት የሚዛወርባቸው አምስት ለውጦች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፤ አንድ ሰዓት ከአርባ። ድራሙን መግጠምና መብራት መስቀል ሁለት ሰዓት፣ ምግብ አንድ ሰዓት፣ መንቀልና ማጽዳት አንድ ሰዓት። ድምሩ ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ያውም አንድም ሰው ሳያረፍድ። ስለዚህ ታሪኩን በዚያው ቀን ለመቅረጽ አትሞክሩ፣ ሌላ ቀን ስጡት።

ቅደም ተከተሉ ላይ ሰው ይከራከራል፣ እኔ ግን ዋይዱን ነው የማስቀድመው። መብራቱ ሙሉ ለሙሉ የሚዘጋጀው ለዋይዱ ነው፤ ወደ ቅርብ ስትገቡ ጥቂት ማስተካከል ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ የድምፃዊው ክሎዝ አፕ፣ ድምፁ ሳይዘጋ። ከዚያ ድራመሩ፣ ጉልበቱ ሳያልቅ። ቤዝና ጊታር ይጠብቃሉ፤ ይቅርታ ቤዚስቶች። በፍሬሙ ውስጥ የሌለ ሰው በየቴኩ መጫወት የለበትም። ድራመሩን 15 ጊዜ ሙሉ ጉልበቱን ካስወጣችሁት በመጨረሻዎቹ ላይ እጁ ይዝላል፣ እናንተም ታዩታላችሁ።

ላብ ደግሞ ጉዳይ ነው። ዋይዱ ላይ ደርቆ ክሎዝ አፕ ላይ የራሰ ሰው ሲቀያየር ያስታውቃል። ከመጀመሪያው ቴክ በፊት ሁሉንም በውሃ መርጫ ትንሽ አርሷቸው፣ ከዚያ እየጨመረ ቢሄድ አያጠያይቅም። የእያንዳንዱን ሰው ልብስ፣ ፀጉር፣ የጊታር ማንገቻ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በተለይ ሌላ ቀን የምትመለሱ ከሆነ።

ሙሉዎቹ ቴኮች ካለቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለትናንሽ ሾቶች ያዙ። የድራም ፔዳል የሚረግጥ እግር፣ ጣት ሲንሸራተት ገመዱ የሚንቀጠቀጥበት፣ የተሰበረ የድራም ዱላ ወለሉ ላይ፣ የአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ሲዞር። አንድ ቦታ ላይ ኤዲቲንግ ሳይገጥም ሲቀር የሚያድኗችሁ እነዚህ ናቸው።

ማን ምን ይሠራል

ትንሽ ቡድን ይሻላል፣ ግን ሥራ አይደራረብ። ዳይሬክተር፣ ካሜራ ማን፣ መብራት፣ ሰዓት የሚቆጣጠር ፕሮዲውሰር፣ እና ፕሌይባክ የሚያጫውት ሰው። የመጨረሻው የሚናቅ ሥራ ነው፣ ግን እሱ ከሌለ ሁሉም ይቆማል። ስልኩ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ ክሎዝ አፑ መሀል ላይ የእናቱ ጥሪ በስፒከር ሲጮህ አስቡት። እያንዳንዱን ቴክ ቁጥር ሰጥቶ ወረቀት ላይ የሚመዘግበውም እሱ ይሁን፦ "ቴክ 7፣ ድራም፣ ሁለተኛው አዝማች ጥሩ፣ መጨረሻው ላይ ዱላ ወደቀ።" ይህ ወረቀት በኋላ የኤዲተሩን ግማሽ ቀን ያተርፋል። ዳይሬክተሩ የባንዱ አባል ባይሆን እመርጣለሁ፤ እየተጫወቱ ራስን ማየት አይቻልም።

ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት ኮል ሺት ለሁሉም ላኩ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቦታው፣ ማን ስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ማን ምን ይዞ ይመጣል፣ የማን ስልክ ይደወላል፣ ዝናብ ከሆነ ምን ይደረጋል። ሁሉንም በአንድ ሰዓት አትጥሩ። ድራመሩ ቀድሞ ይምጣ፣ ድምፃዊው ሁለት ሰዓት ቆይቶ። ከጠዋት ጀምሮ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ድምፃዊ ተራው ሲደርስ ደክሞታል።

የማይቀለድባቸው ነገሮች

በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ መብራት የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። የተለመደው ወሰን በሰከንድ ከሦስት ብልጭታ አለመብለጥ ነው፣ ይህ ለኤዲቲንጉም ይሠራል፤ በየሁለት ፍሬሙ ነጭና ጥቁር እያፈራረቁ መቁረጥም ብልጭታ ነው። ቡድኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጆሮ ደግሞ አይመለስም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት እንደ ወሰን ያስቀምጣል፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ ያለ ድራም ይህን በቀላሉ ያልፋል። የጆሮ መድፈኛ ለካሜራ ማኑም ግዙለት፣ ድራሙ አጠገብ የሚንበረከከው እሱ ነው። ኬብሎች መሬት ላይ በቴፕ ይጣበቁ፣ የመብራት ማቆሚያዎች እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረግ።

ካርድ፣ ባትሪ፣ ኤዲቲንግ

ካሜራችሁ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። 64 ጊጋባይት ካርድ ወደ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይይዛል ማለት ነው። 15 ቴኮቹ በንጹሕ 45 ደቂቃ ናቸው፤ በመሀል ካሜራውን ሳታጠፉ የምትረሱትን ስትጨምሩ አንድ ካርድ አይበቃም። ባትሪም ቢያንስ ሦስት፣ አንዱ ሁሌ ቻርጅ ላይ።

ምግብ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ካርድ ገልብጡ። ሁለት የተለያዩ ሀርድ ዲስኮች ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ካርዱ ላይ ያለው አይደምሰስ፣ ሁለቱ ዲስኮችም በአንድ ቦርሳ ወደ ቤት አይሄዱም። ከተገለበጠ በኋላ ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ መሀላቸውን እዩ፤ ስሙ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ኤዲቲንግ ላይ መጀመሪያ ሁሉንም ቴክ ከዘፈኑ ጋር ደርድሩና በዋይዱና በድምፃዊው ብቻ ሙሉውን ዘፈን ሸፍኑ። አሰልቺ ይሆናል፣ ግን ቀዳዳ የለውም። ከዚያ ያንን ወረቀት፣ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር የሰጣችሁበትን አውጡና እየቀያየራችሁ ሂዱ። በእያንዳንዱ ምት ላይ አትቁረጡ፣ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ዓይን ይለምደዋል። አንዳንዴ ሲምባሉ ከመመታቱ ሁለት ሦስት ፍሬም ቀድማችሁ ቁረጡ፤ ተመልካቹ ዱላው ሲወርድ ያየዋል፣ ምቱም የከበደ ይመስላል። ካሜራው የቀዳውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ አጥፉና ዋናውን ዋቭ ፋይል ብቻ ተዉ። አንዱ ቴክ ሳይጠፋ ከቀረ ዘፈኑ ጉድጓድ ውስጥ የሚጫወት ይመስላል፣ ምክንያቱን ስትፈልጉ ደግሞ ግማሽ ቀን ያልፋል።

ከማስረከባችሁ በፊት የመጨረሻውን ቅጂ ለድራመሩ በማዳመጫ አሳዩት። እጅና ድምፅ በአንድ ፍሬም ቢለያይ እንኳ ከሁላችሁም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።